ባለቤቱ ደኅና ነው?

(ይህ ደብረ ማርቆስ ላይ በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙ ሰው «ጽፈህ ላክልን» ስላለኝ፣ በስልክ የተቀዳውን እየሰማሁ ጻፍኩት። የደጋገምኩትን አልቆረጥኩም። መብራት ጠፍቶ የተንጫጫንበትን ቦታ ብቻ ዘልዬዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ያስተማራችሁኝ መምህራን፣ አብሮ አደጎቼ፣ ከውጭ ለዕረፍት የመጣችሁ፣ ነገ ለመውጣት ደግሞ ፓስፖርታችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ?

እሰይ! አሁን ጎጃም መግባቴን አመንኩ።

አዘጋጆቹ «ስለ ውጭ ኑሮ የሆነ ነገር በል» ብለውኛል። ምን እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። ስለ ስኮላርሺፕ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ደመወዝ። እሱን ከፈለጋችሁ በኋላ ቡናው ላይ እንጫወታለን። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ሻንጣ ልናገር ነው። አዎ፣ ስለ ሻንጣ። አየር መንገዱ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል። በእነዚያ ሁለት ሻንጣዎች ለዓመታት ወደዚህ ከተማ ምን ሳስገባ እንደኖርኩ ነው የምነግራችሁ።

ፎርጅድ ዕቃ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፎርጅድ መሆኑን እያወቀ ጫማ የገዛ፣ ቦርሳ የገዛ፣ ሰዓት የገዛ፣ እጁን ያውጣ። ማንም የለም? አንድም? ደግ ነው፤ እኔ ላውጣ። ሁለቱንም እጄን አወጣለሁ። እግሬንም ባወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጫማውም ነበረበትና።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው፣ ተሸክመነው ስለምንሄደው ምክንያት። ሁለተኛው፣ ስለ ዕቃው ባለቤት። ሦስተኛው፣ ዕቃውን ስለምንሰጠው ሰው። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ እችላለሁ። ታገሱኝ።

በ2003 ዓ.ም. ለትምህርት ቻይና ሄድኩ። ጓንጁ። አራት ዓመት ኖርኩባት። ከዚህ የሄደ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል። ሻዎበይ የሚባለው ሰፈር የአፍሪካ ሰው ይበዛበታል፤ እዚያ ስትሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ዣንሺ የሚባል የሰዓት ገበያ አለ። ባይዩን ደግሞ የቦርሳና የቆዳ ገበያ አለ። ሕንፃው ራሱ አንድ ቀበሌ ያክላል። እኔ ትንሽ ቻይንኛ እንደለመድኩ ለሀገሬ ነጋዴዎች ማስተርጎም ጀመርኩ። የኪስ ገንዘብ ነበረች።

እዚያ ነው ፎርጅድም ደረጃ እንዳለው የተማርኩት። ሻጩ ፊት ለፊት የሚደረድረው ስም የሌለውን ዕቃ ነው። ከዚያ ካታሎግ ያወጣል። ጣትህን ስታሳርፍበት «የትኛውን ደረጃ?» ይልሃል። ተራው አለ። ኤ አለ። ሱፐር አለ። አንድ ልጅ ይጠራና ወደ ላይ፣ ሌላ ፎቅ፣ የተዘጋ በር ያለበት ክፍል ይወስድሃል። መጀመሪያ ቀን ልቤ ደነገጠ። ሁለተኛ ቀን ተላመደ። በሁለተኛው ወር ደንበኞቼን «ሱፐሩን ይውሰዱ ጋሼ፣ ልዩነቱን ማንም አያውቅም» የምለው እኔ ነበርኩ።

ማንም አያውቅም! ይችን ቃል ያዙልኝ። ማንም አያውቅም።

አንደኛው ነጥቤ እንግዲህ ይሄው ነው፤ ምክንያታችን።

ሀገር ቤት ሳለን ምክንያት ነበረን። እውነተኛ ምክንያት። እዚሁ ማርቆስ ፍላሻችንን ይዘን ሙዚቃ ቤት እንሄድና «ሙላልኝ» እንላለን። በጥቂት ብር የአንድ ዘፋኝን ሙሉ ዕድሜ አስጭነን እንወጣለን። ኮምፒውተር ስናስፎርማት ልጁ ዊንዶውስን በክራክ፣ ሳይከፈልበት፣ ይጭንልናል። ኦርጅናሉን ግዛ ብትሉኝ በምን ልግዛ? ዶላር ከየት? ዶላር የሚከፍል ካርድ ማን ይሰጠኛል? ሱቁስ የት ነው? ለሻጩ ልክፈልህ ብለው እንኳ የሚቀበልበት መንገድ አልነበረውም። ይሄን ምክንያት አልንቀውም። ዛሬም አልንቀውም።

ጓንጁ ስደርስ ግን ምን ሆነ? ዩኒቨርሲቲው በየወሩ ገንዘብ ይሰጠኛል። የባንክ ካርድ አለኝ። ሱቁ ከመኝታ ቤቴ በር ላይ ነው። ለተማሪ የዋጋ ቅናሽ አለ። ምክንያቴ ሁሉ ቦሌ ቀረ! ልማዴ ግን አብሮኝ ተሳፈረ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባል የለ? እኔም ላመሌ ክራክ አወርድ ነበር።

ኋላ ሥራ ይዤ ዱባይ ሦስት ዓመት ስቀመጥም ያው ነው። ደመወዝ አለኝ። የማየው ኳስ ግን በጎረቤት ልጅ በተከፈተ፣ የዓለምን ቻናል ሁሉ በአንድ ሳጥን በሚያመጣ፣ ባለቤቱ በማይታወቅ መስመር ነው። ኳሱ ሊገባ ሲል ይቆማል። ጎሉን የምንሰማው ከላይኛው ፎቅ ጩኸት ነው። ይሄም ቅጣት ነው መቼም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። ከፊት የተቀመጡ ተማሪዎች ፊታቸው ሲከብድ አያለሁ። «መጽሐፍስ?» እያላችሁ ነው። ደመወዙ የማይደርስ መምህር ለተማሪው ምዕራፍ ቢያባዛ፣ ከዚህ አዳራሽ ወጥቼ ሌባ አልለውም። አልችልም። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮ ንብረት ስምምነት እንኳ እጅግ ድሃ ለሆኑ አባል አገሮች በፈረንጆች እስከ 2034 ድረስ የእፎይታ ጊዜ ሰጥቷል። የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ፣ 410/1996፣ ለራስ የሚሆን አንድ ቅጂን ይፈቅዳል፤ የመጽሐፍን አብዛኛውን ክፍልና የኮምፒውተር ፕሮግራምን ግን በዚያ ፈቃድ አልጨመረም። ደግሞም ሳንሰርቅ የምናገኘው ብዙ ነገር አለ። ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ነው፤ ሊኑክስ በነፃ ነው። ሂናሪ የሚባል የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም አለ፤ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ይከፍታል። ከ2002 ጀምሮ፣ በፈረንጅ። እኔ ስለ ሂናሪ የሰማሁት ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ክራክ የሚወርድበትን ቦታ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አውቄው ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ለተቸገረው አይደለም። ካርድ ኪሱ ውስጥ ላለው ነው። ለእኔ ነው። ለእናንተም፣ እዚያ ጥግ ላይ በሳቅ ለምታመልጡኝ።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ባለቤቱ።

ስንገዛ የምንለውን ታውቁታላችሁ። «ሀብታም ናቸው። ምን ይጎዳቸዋል?» የሀብታም ድርጅት ስም እንደ ባለቤት አይታየንም። ፊት የለው፣ እናት የለው። ቁጥሩን ብነግራችሁም አያስለቅሳችሁም። በፈረንጆች 2016 በዓለም ንግድ ውስጥ የተዘዋወረው ፎርጅድ ዕቃ 509 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። የዓለም ንግድ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ይሄው፤ አንድ ሰው እንኳ አልደነገጠም። እኔም ሳነበው አልደነገጥኩም።

ስለዚህ ቁጥሩን ልተወውና ስለ ቅኔ ልንገራችሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነበር። በእኛ አገር ቅኔ ይዘረፋል አይደል? «ዘረፈ» ማለት እኮ ሌላ ቦታ ስድብ ነው። ጎጃም ላይ ምስጋና ነው። «እከሌ እንዴት ያለ ዘራፊ መሰለህ!» ሲባል ሰውየው ይኮራል እንጂ ጠበቃ አይፈልግም። የሚዘርፈው ከራሱ ጭንቅላት ነዋ! ከሌላው አፍ ከሆነ ግን ጉድ ፈላ።

አባቴ የሚያወራት አንድ ወግ ነበረች። አንድ ተማሪ ጎንጅ ላይ የሰማውን ቅኔ ሸምድዶ ዋሸራ ይሄዳል። እዚያ ማን ያውቀዋል? ሰው አገር ነው። ማንም አያውቅም! በበዓሉ ቀን ተነሳና የራሱ አስመስሎ አወረደው። ቅኔው ያማረ ነው። ሰው ጉድ አለ። መምህሩ እስኪጨርስ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ ምን አሉት መሰላችሁ?

«እሰይ ልጄ። ባለቤቱ ደኅና ነው?»

አለቀ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ በዚያው ሌሊት ኮፈዳውን ይዞ ጠፋ ይላል አባቴ። እውነት ይሁን የአባቴ ፈጠራ፣ እግዜር ይወቅ። ቤታችን ውስጥ ግን አነጋገሯ ቀረች። የጎረቤት እርሳስ ይዘን ስንገባ አባቴ ቀና ሳይል «ባለቤቱ ደኅና ነው?» ይለናል። እርሳሱን ይዘን በመጣንበት እግራችን እንመለሳለን።

አያችሁ፣ እኛ መቅዳትን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ቁም ጸሐፊዎቻችን ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲቀዱ ኖረዋል። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ባይቀዱ ኖሮ ከነዚያ መጻሕፍት የትኛው ይደርሰን ነበር? መቅዳት ጽድቅ ነበር። ግን የብራናውን መጨረሻ ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን» ይላል። የሰረቀውም፣ የፋቀውም የተወገዘ ይሁን። ለሰራቂው ብቻ መች አቆመ? ለፋቂውም ነው። ያጻፈውን ሰው ስም ፍቆ የራሱን ለሚጽፈው። አባቶቻችን ቅጂውን ፈቀዱ፤ ስም መፋቁን ግን አወገዙ። ይቺን ልዩነት ያወቁት የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት ሳይቋቋም ነው።

ሕጉን ካነሳሁ አይቀር። በዚሁ በ410/1996 አዋጅ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እዚሁ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱትን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን አስቡ። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ጨምሩበት። እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ድርሰታቸው ባለቤት አለው ማለት ነው። በስማቸው ስንኮራ የሚቀድመን የለም። ሥራቸውን በፒዲኤፍ በቴሌግራም ስናሠራጭም የሚቀድመን የለም። ውጭ ያለነው ደግሞ ብሰን እንገኛለን፤ «የሀገሬ ናፍቆት» ብለን ነው የምንልከው! አውቆ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል አዋጁ። ለማስፈራራት አይደለም። በዚህ ቁጥር ከሄድን አዳራሹን ማን ይዘጋል?

ዱባይ ዴይራ ውስጥ የሀበሻ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነበር። ስሙን ተዉት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ እጣን፣ ከጎኑ ደግሞ የተቀዳ ዘፈን። እኔ ሁልጊዜ የምገዛው የአንድ ማሲንቆ መቺ ነበር፤ የእኛው አገር ሰው። እየሰማሁት አለቅሳለሁ። አገሬን በአስር ድርሃም ነበር የማገኛት። ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር አንድ ቤት ውስጥ ሲጫወት አገኘሁት። ሮጬ ሄጄ «ዱባይ ላይ ሁላችንም አንተን ነው የምንሰማው!» አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ። ማሲንቆውን አስቀመጠና «እውነት?» አለኝ። «እውነት!» «ስንት ሰው ይሆናል?» «ኧረ ስንቱ!» ትንሽ አሰበና «እኔን እኮ እስከ ዛሬ ከዚያ የደወለልኝ የለም» አለኝ። ቀጠል አድርጎ ስለ ቤት ኪራዩ አወራኝ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አልሰማሁትም።

ፊት ያለው ባለቤት ያኔ አየሁ።

ደግሞ ይሄን ስሙ። ዱባይ አብሮኝ የሚኖር ልጅ ነበር፣ የቡሬ ልጅ። እናቱ በርበሬ ላኩለት። በዚያ ዓመት የራሳቸው ስላልደረሰላቸው ከገበያ ገዝተው ነው። ወጥ ሠራንበት። ጥርሳችን ሥር ቅርሽ አለ። ሸክላ! ጡብ ፈጭተው ቀላቅለውበታል። ልጁ ለሦስት ቀን አልበረደም። «እንዴት ሰው በሰው ሆድ ላይ እንዲህ ይሠራል? እንዴት በርበሬ ብሎ ጡብ ይሸጣል?» እያለ ከሳሎን ወደ ኩሽና ይመላለሳል። እኔ እግሩን አያለሁ። እግሩ ላይ ያለው ጫማ አዲዳስ ነኝ ይላል፤ የፊደሉ አጻጻፍ ግን ሌላ ነው። ሰባ ድርሃም ነው የገዛነው፤ አብረን ነው የሄድነው። ልነግረው ፈለግኩና ተውኩት። ሰው ስለ በርበሬ ሲያዝን ስለ ጫማ አይወራም።

ቅቤ ውስጥ ሙዝ ሲጨመር እንጮሃለን። ማር ላይ ስኳር ሲጨመር እንጮሃለን። ትክክል ነን፤ እንጩህ! የመድኃኒቱ ጉዳይማ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2017 እንዳለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ከአሥር የሕክምና ምርት አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ጡቡን የፈጨው ሰውዬና ዣንሺ ላይ የተዘጋውን በር ከፍቶ ያስገባኝ ልጅ ግን ሥራቸው አንድ አይደለም ትላላችሁ? ለእኔ ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። በበርበሬው የተታለልኩት እኔ ነኝ። በሰዓቱ ደግሞ አታላዩ እኔ ነኝ።

ሳያውቅ የገዛውን አላወራም። ተታሎ የገዛ ተበዳይ ነው። እኔም ተታልያለሁ። አንድ ጊዜ 64 ጊጋ የሚል ፍላሽ ገዛሁ። ኮምፒውተሩም 64 ነው ይላል። ውስጡ ግን 8 ነው። ስምንቱ ሲሞላ አዲስ የገባው የፊተኛውን ይውጠዋል። የእህቴ ሠርግ ፎቶ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሙሽራዋ የለችም፤ ድንኳኑ ብቻ ነው የተረፈው።

እሺ። ሦስተኛው። ሰዓት ስንት ሆነ? ደርሰናል፣ ደርሰናል።

ዕቃውን የምንሰጠው ሰው።

ፎርጅድ ዕቃ ውጭ አገር ብቻውን አይቀርም። ዘመድ አለና! ከውጭ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ወደ ማርቆስ አይገባም። ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ሙሉ ለማን ምን እንደምሰጥ ነው የማስበው። ለአክስት ሽቶ፣ ለወንድም ስልክ፣ ለጎረቤት ልጅ ማልያ። ስኮላርሺፑ የሚሰጠው ገንዘብ ይሄን ሁሉ ኦርጅናል ይገዛል? አይገዛም። ታዲያ ምን አማረጠኝ? ሱፐሩን!

ሕጉም ሻንጣን ብዙ አያስቸግርም። ያው ያልኳችሁ የንግድ ድርጅቱ ስምምነት፣ አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ያለን ለግል የሚሆን ጥቂት ዕቃ እንዲያልፉት ይፈቅድላቸዋል። ሁሉም አገር ግን እንዲህ ቸር አይደለም። ፈረንሳይ ብትሄዱ ፎርጅድ ይዞ መገኘት እስከ 3 ዓመት እስርና 300 ሺህ ዩሮ ሊያደርስ ይችላል። ጣሊያን ውስጥ ገዢው ራሱ እስከ 7 ሺህ ዩሮ ይቀጣል። አውሮፓ የምትሄዱ ልጆች ይሄን ጻፉት። ጎዳና ላይ በጨርቅ ዘርግቶ የሚሸጥላችሁ ሰው ፖሊስ ሲያይ ጨርቁን አፍሶ ይሮጣል። እናንተ ቦርሳውን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

አጎቴ የኢሱዙ ሹፌር ነው። «የፍሬን ሸራ አምጣልኝ፣ ኦርጅናል» ብሎኝ ነበር። እኔም አመጣሁ። ካርቶኑ ያምራል፤ ማኅተሙ ያብረቀርቃል። አጎቴ ካርቶኑን እንኳ አላየውም። ሸራውን አወጣ፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው፣ አሸተተው። ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ይሄን እናስርና ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ አንተ ትነዳለህ። እኔ ደጀን በአውቶብስ ዞሬ እጠብቅሃለሁ።»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄ ነበር። አጎቴ ግን አልሳቀም። ካርቶኑን መልሶ ሰጠኝና ሄደ። አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ለይሉኝታ ጊዜ የለውም። ስጦታ ነው፣ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ቅር ይለዋል፣ አላለም። መለሰልኝ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አባቴ ግን አልመለሰልኝም።

በ2005 ዓ.ም. ለዕረፍት ስመጣ ለአባቴ ሰዓት አመጣሁለት። ዣንሺ ላይ፣ ሱፐሩን፣ በ120 ዩዋን። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 360 ብር ገደማ ነው። ላዩ ላይ ስዊዘርላንድ የተሠራ ይላል። ከባድ ነው፣ ወርቃማ ነው። ሰው ተሰብስቦ ባለበት ነው ያሰርኩለት። ዋጋውን ሲጠይቁኝ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን በሺህ ተረጎሙት። አልዋሸሁም እኮ! አንድ ቃል አልወጣኝም። አባቴ መረቀኝ። እንዴት አድርጎ እንደመረቀኝ ልንገራችሁ አልችልም። ያንን ምርቃት እኔ በ120 ዩዋን ነው የገዛሁት።

ተመልሼ ሄድኩ። ስልክ ስደውል እናቴ «ሰዓትህን እንዴት ይወዳታል መሰለህ፤ ለማኅበርም፣ ለለቅሶም አይለያትም» ትለኛለች።

ሁለት ዓመት አልፎ ትምህርቴን ጨርሼ መጣሁ። አባቴ ሰዓቱን አስሮታል። ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ ወደ ዘጠኝ ተኩል ትላለች። ዓይኔ እጁ ላይ አረፈ። ሰዓቱ አራት ከሃያ ይላል። ትንሽ ቆይቼ አየሁት። አራት ከሃያ።

«አባባ፣ ሰዓቱ ቆሟል እኮ» አልኩት።

«ይቆማል» አለ።

«ባትሪ ይሆናላ፤ ስጠኝ ነገ ላሠራው።»

እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች። ዝም አለች። ያኔ ገባኝ። ለካ ከተቀበለ በአምስተኛው ወር ቆሞበታል። ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዶታል። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ ውስጡን አሳይቶታል፤ ጎረቤት ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ። አባቴም «ክደነው» አለው። ከፈለው። አስሮት ተመለሰ። ከዚያ ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ የሞተ ሰዓት አስሮ ማኅበር ሄዷል፤ ለቅሶ ደርሷል። ሰው «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲለው ፀሐይዋን አይቶ ይመልሳል። ልጁ ከውጭ ያመጣለት ሰዓት ነዋ። እንዴት ይፍታው? ቢፈታው ምን ይላል?

ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቅኔ የእኔ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ በእኔ ምክንያት በእጁ ላይ ውሸት አስሮ ኖረ። እኔ ያንን ድርጅት ጎዳሁት አልጎዳሁት፣ እንጃ። አባቴን ግን ዋሾ አደረግኩት።

ይቅርታ። አንዴ ውኃ ልጠጣ።

ያን ቀን ቡናው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወጣ። ሁለታችን ቀረን። አባቴ እጁን ዘረጋና ሰዓቱን በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ፈገግ ብሎ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «ባለቤቱ ደኅና ነው?» አለኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። እርሳስ ቢሆን ኖሮ ይዤው በመጣሁበት እግሬ እመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጻድቅ ሆንኩ እንዳትሉ። የዱባዩ ሳጥን፣ የሰባ ድርሃሙ ጫማ፣ ሁለቱም ከዚህ በኋላ ነው የመጡት። ልማድ እንዲህ ነው። ዛሬም አንዳንድ ነገር አለብኝ፤ ስልኬን ብትፈትሹት ታፍራላችሁ። ሰው ላይ የማስረው ነገር ግን አልገዛም። ለስጦታ ብር ሲያንሰኝ ትንሽ ነገር እሰጣለሁ፤ የራሷ ስም ያላት፣ ትንሽ ነገር። ዘመድ መጀመሪያ ላይ ቅር አለው። «ከውጭ መጥቶ ካልሲ?» ተብያለሁ። ካልሲው ግን እስካሁን አለ።

እናንተ ነገ የምትሄዱት፣ የምትደርሱበት አገር ላይ አንድ ሰው ካታሎግ ይዞ ይጠብቃችኋል። ገበያው ዱባይም ይሁን፣ ኢስታንቡልም ይሁን፣ ስልካችሁ ውስጥም ይሁን። «ማንም አያውቅም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ እዚያ ማንም አያውቅም። ሻንጣው የሚከፈተው ግን እዚህ ነው፣ እናታችሁ ፊት፣ ቡና ተፈልቶ።

ሊቀመንበሩ ምልክት እየሰጡኝ ነው። ሰዓቴንም አየሁ፤ የተሰጠኝ ጊዜ አልፏል። ይሄኛው ይሠራል፤ ከዚሁ ከማርቆስ ነው የገዛሁት፤ ስሙም የራሱ ነው፣ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ጥያቄ ያላችሁ ቡናው ላይ አለሁ። አጎቴም እዚያ ኋላ ተቀምጧል። ስለ ሸራው እሱን ጠይቁት፤ ከእኔ የተሻለ ይነግራችኋል።

አመሰግናለሁ።